የሐዘን ቤት እህል

ከመተማ ገበያ ዳር ያለው ባለወፍጮ ጀላቢያውን ለብሶ ደጁ ላይ ይቀመጣል፤ ቅንድቡን ዱቄት አሸብቶታል። ወፍጮውን የተከለ ዕለት፣ «የሐዘን ቤት እህል ያለ ክፍያ፣ ያለ ወረፋ ይፈጫል» አለ። አገሩ ወደደውና የሰርጉን እህል ሁሉ ለእሱ ያመጣ ጀመር። ተኩሱ ከበረታ ወዲህ ግን ለቀስተኛ እንጂ ሰርገኛ አይመጣም፤ ናፍጣውም እያለቀ ነው።

«አንተ ሰው፣ ሞተሩን በእጃችን ልናዞርልህ ነው?» ትለዋለች ጎረቤቱ ሻይ ሻጯ።

«ታዲያ ለቀስተኛን ክፈይ ልበል? በምን አፌ!»

ዛሬ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ማሽላ ተሸክማ ስትመጣ ብድግ ብሎ ተቀበላት።

«እሰይ እታለም! የሰርግ ነው?»

«የልጄ አርባ ነው» አለችው። «ጥቁር ልብስ ከገበያው ጠፍቶ ነው።»

የመጨረሻዋን ናፍጣ ሞተሩ ውስጥ ገለበጠ።