አባቴ «አልክድም» ያለ ቀን

ሕግ የምትማረው ልጄ ባለፈው ምሳ ላይ «ዳኛ ማለት እኮ እማ፣ ያልገባውን ሰው እየጠየቀ ክርክሩን የሚያጠራ ነው» ብላ ስታስረዳኝ ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። እሰይ! መጽሐፉ ላይ እንዲያ ተጽፎ ኖሯል። እኔ መርሳ ከተማ ላይ ያየሁት ዳኛ መጽሐፉን አልገለጠውም ማለት ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው፤ እኔም ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርኩ። አባቴ ሰይድ ግራና በሚባለው ወንዝ ዳር ብርቱካንና ሸንኮራ የሚያበቅልበት መሬት ነበረው። ከሱ በቀር ምንም አልነበረንም። ጎረቤታችን እንድሪስ «መሬቱ የኔ ነው፣ በጉልበት ይዞብኛል» ብሎ ከሰሰው። ውሸቱን አገር ያውቃል። አባቴ ምስክሮቹን አስከትሎ፣ በበልጉ ጭቃ እየተንቦጫረቅን መርሳ ገባን።

ችሎቱ ጢም ብሏል፤ ላብና እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ዳኛው፣ ለአባቴ የመጨረሻ ልጅ የሚሆን ጎረምሳ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ክሱን ታምናለህ ትክዳለህ?» አለው። አንቱ ማለትም አልፈጠረበትም።

አባቴ ደነገጠ። እኛ ዘንድ ካደ ማለት ዲኑን፣ ሃይማኖቱን ጣለ ማለት ነው፤ ሌላ ክህደት አያውቅም።

«አዑዙ ቢላህ! እኔ ሰይድ ልካድ?»

«በአጭሩ መልስ! ትክዳለህ?»

«ወላሂ አልክድም ጌታዬ! ብታርዱኝም አልክድም!»

ዳኛው ወደ ጸሐፊዋ ዞረና «አልክድም ብሏል። ክሱን አምኗል ብለሽ ጻፊ» አላት።

«ኧረ ቃሉ አልገባውም!» ብዬ ጮህኩ። ፖሊሱ ክንዴን ጎትቶ አስወጣኝ። ምስክሮቹ ሳይጠሩ ቀሩ። እየተጎተትኩ ስወጣ ችሎቱ ሙሉ ሰው ይስቅ ነበር፣ ዳኛውም አብሮ። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አባቴ ደስ ብሎት መውጣቱ ነው። ማንጎ ገዛልኝ። «ዲኔን ጠየቀኝ፣ መሰከርኩለት» አለኝ። ነገሩን ላስረዳው ብሞክር «አንቺ ደግሞ! ዳኛ እንዲህ ያደርጋል?» ብሎ ተቆጣኝ። የገባው ብርቱካኑን ውሃ ሲያጠጣ ሚሊሻዎች መጥተው ከማሳው ሲያስወጡት ነው። ይግባኝ ብንል ጊዜው አልፏል ተባልን።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሰው አልሆነም። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ራስጌው ነበርኩ። «ሸሀዳ በል አባዬ» አልኩት፤ ሙስሊም ሲሞት የሚለውን የእምነት ምስክርነት። ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ «እክዳለሁ ጌታዬ፣ እክዳለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ይህን ለልጄ አልነገርኳትም። ለዳኛው ነው ያለው፣ አላህ ልብን ያያል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ትከሻው ላይ ሆነው ሥራና ቃሉን የሚመዘግቡት መላእክትም እንደዚያ ዳኛ የሰሙትን ብቻ ጽፈው እንዳይሆን እፈራለሁ።