በጸደንያ አፍ የሚሰማው ድምፅ

ቄስ ቃለ ክርስቶስ ድምፃቸው የተሰማው በገዛ ተዝካራቸው ላይ ነው።

ነሐሴ ነበር። ጉሙ ከአባይ ሸለቆ ወጥቶ መንደሩን ስለዋጠው፣ ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ የጎረቤቱን ፊት እንኳ በቅጡ አያይም። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው እህል ሊቀርብ ሲል ከጥጉ በኩል «አስቻለች፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ብርዱ ገባ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ደረቅ ሳል ተከተለው። ቄሱ በሕይወት ሳሉ ነገር በተናገሩ ቁጥር ይስሉት የነበረው ሳል ነው።

የቄሱ ምራት አስቻለች የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። የተናገረችው የራሷ ልጅ ጸደንያ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ሙሉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ጸደንያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው ዓይን ውስጥ አትመለከትም። ስሟን ቢጠሯት አትዞርም፤ ከበሮ ሲመታ ግን ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች። የገብስ ዛላ እየደረደረች ትውላለች። ወላጆቿ ዓይነ ጥላ ነው ተብለው ጠበል ለጠበል ተንከራትተውባታል። አያቷ ብቻ ዳዊት ሲደግሙ ከጎናቸው ያስቀምጧት ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ሌላም ድምፅ ማሰማት ጀመረች። የጎረቤታቸው የሐረግ ባል ከበቅሎው ወድቆ ገደል ገብቶ ከሞተ ቆይቷል። ሐረግ አንድ ቀን በአጥሩ ሥር ስታልፍ ጸደንያ በሟቹ ድምፅ «ሐረግ፣ በቅሎዋን የት አሰርሻት?» አለቻት። ሐረግ መንገዱ ላይ ተንበርክካ «ሜዳው ላይ ነች፤ ሜዳው ላይ አስሬያታለሁ» እያለች አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሙታን በዚህች ልጅ አፍ ይናገራሉ ብሎ አመነ። ሐዘንተኛው ሁሉ እየመጣ ከበባት። ጸደንያ ሰው ሲበዛባት ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች።

«ይብቃ፤ ልጄን ገደሏት» አለች አስቻለች ባሏን አጥናፉን።

አጥናፉ ለአባቱ አንድ ልጅ ነበር። «የአባቴን ድምፅ አትከልክይኝ» አለና ፊቱን አዞረ። ከእርሻ ሲመለስ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ያን ሳል ይጠብቃል።

በመስከረም አስቻለችና ጸደንያ ምንጭ ወረዱ። ሴቶቹ ወረፋ ይዘው ሲያወሩ፣ ጸደንያ በእናቷ ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳታዛንፍ፣ «እኔ ስሞት ማን ያያታል?» አለች። አስቻለች ከልጇ ጋር ብቻዋን ስትሆን የምትለው ነው። ሴቶቹ አማተቡ። አንዷ ወረፋዋን ለቀቀችላት።

በሕይወት ያለ ሰው ድምፅ ከልጅቷ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ አስቻለች መሞቷ ነው ተባለ። ሰው ሲያገኛት ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር። ሐረግ መጥታ አቀፈቻትና በጆሮዋ «እዚያ ስትደርሺ፣ በቅሎዋ አልጠፋችም ብለሽ ንገሪልኝ» አለቻት።

አስቻለች በማግስቱ ልጇን ይዛ መካነ ሰላም ከተማ ወጣች። ሰው ጠይቃ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ገባች።

«ከመሞቴ በፊት ልጄን የምትረከቡበት ቦታ ካለ ብዬ ነው» አለችው ባለሙያውን እንዳልካቸውን።

«ታመዋል እንዴ እናቴ?»

«አልታመምኩም። ልጄ በእኔ ድምፅ ተናገረች።»

እንዳልካቸው አልሳቀም። ጸደንያ የመስኮቱን መስታወት በጣቷ ደጋግማ ስትዳስስ ትንሽ አያት።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ኦቲዝም የሚሉት ይመስለኛል። አብሯት የተፈጠረ ነው፤ እርግማንም መንፈስም አይደለም። ልጅ ተረክቦ የሚያሳድግ ቤት እዚህ የለንም፤ አለ ብዬ አላታልልዎትም። የሚገባት ነገር ግን አለ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ እነሱ ወደ ሆስፒታል ያስተላልፏታል፤ በዚያ በኩል ካልሄዱ የጤና መድኑ አይሸፍንልዎትም። እዚህ ከተማ ትምህርት ቤት ደግሞ የልዩ ፍላጎት መምህርት አለች። አንቀበልም የሚልዎት ካለ ወደ እኔ ይመለሱ።»

መምህርት የኔአለም ክፍሏ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። የሆነውን ሁሉ ሰምታ፣ «አብሽሪ እህቴ» አለቻት። «በሩን ዝጊው የምትለው መቼ ነው?»

አስቻለች አሰበች። «ነፋስ ሲነፍስ።»

«በርዷት ነዋ። ራሷ ቃል መሥራት ስላቃታት የሰማችውን እንዳለ ታመጣዋለች። የበቅሎዋስ?»

«ሰውየው ሲያልፍ በቅሎዋ ላይ ያወጣት ነበር።»

«እኔ ስሞት የሚለውን አንቺ ስትዪው ምን ታደርጊያለሽ?»

«አቅፌያት ነው የምለው።»

አስቻለች ጸደንያን ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፤ ልጅቷ አልገፋቻትም።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ደሴ ተላኩ፤ ሐኪሟ የሌለችበት ቀን ደርሰው ተመልሰዋል። በመጨረሻ ሐኪሟ ኦቲዝም መሆኑን አረጋግጣ፣ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው፣ ልምምድና ትምህርት ግን እንደሚረዳት ነገረቻቸው። አሁን እናትና ልጅ ሳምንቱን ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግተው ይሰነብታሉ፤ ቅዳሜ ወደ መንደር ይመለሳሉ። ጸደንያ ሲጠማት የውሃ ሥዕል ያለበትን ካርድ አንስታ ለመምህርቷ መስጠት ለምዳለች። አጥናፉ የአባቱን ድምፅ ሲሰማ ዛሬም ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ግን መጀመሪያ ጋቢውን ያለብሳታል። መንደሩ ግማሹ የሐኪሟን ቃል አምኗል። ግማሹ አስቻለችን ሲያይ ቀኗ የተራዘመላት ሰው እንደሚያይ ያያታል።

ባለፈው ሐምሌ ከደሴ ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ ከአቀስታ እንደወጣ ደጋው ላይ ጉም ሸፈነው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። ጸደንያ በድንገት፣ አስቻለች ሰምታው በማታውቀው የአሮጊት ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ መንገዱ አላለቀም እንዴ?» አለች።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። አስቻለች የምታውቃቸውን አሮጊቶች፣ የሞቱትንም ያሉትንም፣ በልቧ ጠራች፤ የማንም አልሆነም። ልጅቷ እግሯን ታወዛውዛለች፤ መቀመጥ ሰልችቷታል።

«ገና ነው፤ ትንሽ ታገሽኝ» አለቻት ጎንበስ ብላ።