አባቴ ዲዳ የሆነበት ጉዞ

የሱዳኑ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፣ ካርቱም ውስጥ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር የኪራይ መኪና ቁልፍ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ጭብጥ አደረግሁት። ከደስታ አይደለም፤ ከንዴት ነው። ሰው በቁልፍ ይናደዳል? እኔ እናደዳለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አባቴም ከዚያው ሰፈር ከሚያውቀው ጋራዥ አንድ አሮጌ ቶዮታ ተከራይቶ መጣ። ወንበሩ ጭን ያቃጥላል፤ ውስጡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አባቴ የጎጃም ሰው ነው፤ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ካርቱም ግን ስደተኛ ብቻ። «የካርቱሙን ዓባይ አይተሽ ዓባይን አየሁ እንዳትዪ» ይለኝ ነበር። «ወደ ሰሜን፣ ዶንጎላ ድረስ እወስድሻለሁ። በረሃውን ሰንጥቆ ሲሄድ እያየን፣ አባቴ ወንዙ ዳር የነገረኝን ታሪክ እነግርሻለሁ።» ቤት ውስጥ እንዲነግረኝ ስንት ጊዜ ለመንኩት! እዚያው ካልሆነ አይሆንም አለ።

ስደተኛ ያለ ፈቃድ ከካርቱም አይወጣም። አባቴ ፈቃዱን ፍለጋ ሲመላለስ ጫማው አለቀ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ቡክራ ተመለስ» ነበር። ነገ የማያልቅባቸው ሰዎች! ሲመረው ያለ ፈቃድ ተነሣን። የእሱ ዐረብኛ ሐበሻነቱን ወዲያው ያሳብቅበታል፤ እኔ ግን እዚያው ያደግሁ ነኝ። «ፍተሻ ላይ አንቺ ተናገሪ» አለኝ፣ ዓይኔን እየሸሸ። «አባቴ ዲዳ ነው በያቸው።»

ዶንጎላ መግቢያ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። «ወይን ማሺን?» ወዴት ናችሁ አለ።

«ዶንጎላን ልናይ። አቡይ ማ ቢትከለም።» አባቴ አይናገርም አልኩት።

«መስኪን!» ብሎ ወረቀት መጠየቁን ተወው። እፎይ ልንል ስንል፣ ተራው አልቆ ኖሮ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። «ያላ! አገሬን እኔ አሳያችኋለሁ!»

ደግ ሰው ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ አልተለየንም። እናቱ ቤት ፉል አበላን፤ ከተማውን አዞረን፤ ከዚያ መኪናውን አሸዋ ለአሸዋ እያስነዳ ከአንድ ጉብታ ላይ አወጣን። ዓባይ ከሥራችን ተንጣሎ ታየ። ወታደሩ፣ አባቴ ደንቆሮ ይመስል እየጮኸ፣ አሸዋው ላይ በጣቱ እየጫረ፣ ውሃው በሙሉ ከኡጋንዳ እንደሚመጣ አስተማረው። ለጂኦግራፊ መምህሩ! ዓባይ ዳር ለተወለደው! አባቴ ላብ እያጠመቀው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ያን ቀን ገባኝ። እጁን ይዤ ንገረው፣ ንገረው እያልኩ በልቤ ጮህኩ።

ስንመለስ «ታሪኩስ?» ብዬ አለቀስኩ። «ሌላ ጊዜ፣ እዚያው ሆነን፣ ኢንሻላህ» አለ። ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አልመጣም። ታሪኩን እንደያዘ እዚያው ካርቱም፣ ካላክላ መቃብር ተቀበረ። በፈቃድ ሰጪዎቹ ብቻ ሳይሆን በእሱም እናደዳለሁ፤ እልኸኛ!

እና ያን ቁልፍ ተቀብዬ ልጄን ዶንጎላ ወሰድኩት። አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ ወረቀቴም ሙሉ ነው፤ ፍተሻው ላይ «ተፈደሊ»፣ እለፊ ብለው አሳለፉኝ። ጉብታው ላይ ቆመን ልጄ፣ «አያቴ እዚህ ምን አለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ማ ቢትከለም» አልኩት።

ሳቀ። «አያቴ? እሱማ ሲያወራ ነበር የሚውለው!»

«ቤት ውስጥ» አልኩት። «እዚህ አልፈቀዱለትም።»