ከሰልፉ በኋላ የምትገባው ልጅ

በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። ንፋስ መውጫ ውስጥ አንድ ደብር በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት አንድ አባት ለስድስተኛ ክፍል ልጁ መልቀቂያ ጠየቀ። ሰውየው ሙስሊም ነው፣ ልብስ ሰፊ። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የሚሰፋውም እሱ ነው።

እኔ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የኔም ልጅ እዚያው ክፍል ነበረች። ርዕሰ መምህርቷ ደውላ ስትጠራኝ ጉዳዩ የጸሎቱ መሰለኝ። ትምህርት ቤቱ ሁሉንም ይቀበላል። አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው፤ ከገበያው ሰፈር የሚመጡ ሙስሊሞችና ጥቂት ፕሮቴስታንቶችም አሉ። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የደብሩ ቄስ መጥተው ግቢው ውስጥ ጸሎት ያደርሳሉ። የማይጸልይ ዝም ብሎ ይቆማል። በዚህ ላይ ቅሬታ ያቀረበ ወላጅ አላጋጠመኝም።

ልብስ ሰፊውም የመጣው በዚህ አልነበረም።

"ልጄ ጸሎታችሁን ቆማ ትጠብቃለች፤ ነውር የለበትም" አለ። "እኔ የመጣሁት በሒሳብ ነው።"

የልጅቷን የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የሰኞና የሐሙሶቹ ዘጠኝና አሥር ናቸው። የረቡዕና የዓርቦቹ ዜሮ፣ አንዳንዴ ሁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሱ ወደ ክፍሎቹ በሚያወጣው ብቸኛ ደረጃ ላይ መስቀላቸውን ይዘው ይቆማሉ። ልጆቹ በየክፍላቸው ተሰልፈው እየተሳለሙ ያልፋሉ። የማይሳለሙት የሁሉም ክፍል ሰልፍ እስኪያልቅ ከታች ይጠብቃሉ። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ደግሞ ተማሪዎቹ እንደገቡ የአሥር ደቂቃ ፈተና ይሰጣል። በዚያ ክፍል የማትሳለመው ይህቺ ልጅ ብቻ ናት። እሷ ስትደርስ ወረቀቱ እየተሰበሰበ ነው።

አራት ዓመት ሙሉ ልጄን ሳደርስ ያንን ሰልፍ አይቼዋለሁ። ከታች ማን እንደሚቀር ጠይቄ አላውቅም።

"ለብቻዋ እንፈትናት" አለች ርዕሰ መምህርቷ።

"ለብቻዋ ለምን? ከጓደኞቿ ጋር ትፈተን። ካልሆነ ሌላ ቦታ ላስገባት።"

ቄሱ ተጠርተው መጡ። ረዥም፣ ደንዳና ሰው ናቸው።

"ማን ከሰሰኝ?" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ተነሳ። "አባ፣ ክስ አይደለም። ልጄ ግን እርስዎን ማለፍ አቃታት።"

"በጎን አታልፍም?"

"በየትኛው ጎን? ደረጃው ጠባብ ነው፣ እርስዎ ደግሞ…"

"ጨርሰው እንጂ። ቀሚሴን የለካኸው አንተ አይደለህ?"

"ስለለካሁዎት ነው የማውቀው።"

ርዕሰ መምህርቷ አፏን በወረቀት ሸፈነች። ቄሱ ራሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት።

"ደረጃው ላይ የምቆመው ለኛዎቹ ብዬ ነው" አሉ። "ሜዳው ላይ ብቆም ሳይሳለሙ ይሮጣሉ።" ወደኔ ዞሩ። "ያንተዋ ደግሞ አንደኛ ናት።"



"እነሱን ልያዝ ሲሉ የኔዋን አስቀሩብኝ" አለ ልብስ ሰፊው።

ቄሱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሱና የተጻፈባቸውን ቀን አዩ። ሲጨርሱ መልሰው ደረደሯቸው።

"ነገ ባንዲራው ሥር እቆማለሁ። የፈለገ ይምጣ። ልጆቻችሁ ከሸሹኝ ግን እናንተን ነው የምጠይቅ።"

ርዕሰ መምህርቷ ልብስ ሰፊውን አየችው። "መልቀቂያውን ልጻፍ?"

"እስከ ዓርብ ቆዩኝ" አለ።

ረቡዕ ጠዋት ሄጄ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ነፋስ ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሱ ባንዲራው ሥር ቆሙ። ሰልፉ ከወትሮው ግማሽ አይሞላም፤ ልጄ አልነበረችበትም። ልብስ ሰፊው ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ተደግፎ ያያል። ልጁ ከክፍሏ ልጆች ጋር ደረጃውን ወጣች።

የዚያን ቀን ከአሥር ስምንት፣ ዓርብ ዘጠኝ አገኘች። ሁለቱንም ወረቀት ያየሁት መምህሩ ዘንድ ነው። አባትየው ዓርብ ወደ ቢሮው አልመጣም።

ቄሱ ሰኞ ደውለው ስለ ልጄ ነገሩኝ። ረጅም ስልክ ነበር።

ባለፈው መስከረም የሰባተኛ ክፍል መዝገብ ሲሞላ የልብስ ሰፊው ልጅ ስም ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ተጽፏል።