የአባቴ ደምና የሐጂ ኑሩ መሐላ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ሁሉ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፤ ዛሬም በሚኒባስ ስወርድ ያ የተቃጠለ ሽታ በመስኮት ገብቶ ሲሰነፍጠኝ፣ የልጅ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሳሳቁ እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ። ጣልያን መንገዱን በጠረገ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት፣ በጳጉሜ ዝናብ፣ ሰዎች አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው ደጃችን ሲቆሙ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ልብሱም ያንኑ ይሸት ነበር።

አባቴ ይመር፣ ነጋዴ አይሉት ጫኝ፣ በሁለት በቅሎ ከኮምቦልቻ ጨው እየጫነ ወደ ደሴ የሚያወጣ ሰው ነበር። ያን ቀን ዳገቱን እየወጣ ሳለ የሐጂ ኑሩ ካሚዮን ከላይ እየበረረች ወርዳ ከነበቅሎው ገጨችው። ሐጂ ኑሩ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ትልቅ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ በዚያ ዘመን ካሚዮን ከገዙ ጥቂት የደሴ ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ለቅሶ መጥተው፣ እንባቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ መኪናዋን ይነዳ የነበረው ቅጥር ሾፌራቸው ታደሰ እንደሆነና እሱም ደንግጦ ወደ ቢስቲማ በኩል እንደጠፋ ነገሩን። ሲሄዱም አንድ ጆንያ ተምር አስቀምጠው ሄዱ።

እናቴ ሀዋ እንኳን ሰው፣ ቅቤም አታምን፤ ገበያ ላይ ቅቤ ስትገዛ ላይ ላዩን ትታ ጣቷን እስከ ቅሉ ድረስ ሰዳ መሀሉን ነበር የምትቀምሰው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ትል ነበር። ተምሩን ገና እንዳየች ጆንያው ሳይፈታ እንዲመልሱት አዘዘች፤ እኛ ዘንድ ደም ሳይታረቅ የገዳይ ወገን እህል ከተቀመሰ እንደ እርቅ ይቆጠራል፣ ኋላ «በልታችሁልናል» ቢሉ አፍ የለንም። ጆንያው ግን በአንድ በኩል ተቀዶ ነበር፣ እኔም አንዲት ተምር አውጥቼ ጉንጬ ውስጥ ደብቄ ኖሮ፣ ያን ስትናገር ከነፍሬዋ ዋጥኳት። ወይኔ! የአባቴን ደም የበላሁ መስሎኝ ስንት ቀን ሆዴን እየጨበጥኩ አለቀስኩ፤ ለእናቴም እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባው ሲፈነዳ ሽማግሌዎች ሐጂ ኑሩን ይዘው መጡ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፣ ከቤቷም አትወጣም፤ ስለዚህ እነሱ ደጅ ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው ሲቀመጡ እናቴ ከበሩ ኋላ ሆና ትሰማ ነበር፣ እኔም እግሯ ሥር ተወሽቄ። ሽማግሌዎቹን ይመሩ የነበሩት ሼህ ዑመር፣ ሐጂው ገዳዩ ቅጥራቸው ስለሆነ ብቻ ዲያውን፣ የደም ካሳውን ማለት ነው፣ ከራሳቸው ሊከፍሉ እንደፈቀዱ ተናገሩ። የአባቴ ወንድም አጎቴ ሙሄ «አላህ ይስጥልን!» ብሎ ሊነሳ ሲል እናቴ ከውስጥ ድምጿን አሰማች።

«ሼህ፣ ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ዲያ ብቻ ነው ያለበት? ሁለት ወር ሳያቋርጥ መጾምስ የለበትም?»

«አለበት ልጄ። ታደሰ ግን ክርስቲያን ነው፣ ይህ ጾም እሱን አይመለከተውም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለዚህ አይደል እንዴ ታደሰ የተመረጠው?»

ሐጂ ኑሩ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «ወላሂ፣ የነዳው ታደሰ ነው!» ብለው ማሉ። እናቴም ዲያው ሼህ ዑመር ዘንድ ይቀመጥ፣ የነዳው ማን እንደሆነ ሳላውቅ የባሌን ደም አልሸጥም አለች።

አጎቴ ሙሄ ከዚያ ወዲያ እየተመላለሰ ይጨቃጨቃት ነበር። አንዷ በቅሎ ከአባቴ ጋር ሞታለች፣ ሌላዋ አንክሳለች፤ እናቴ ቤት ተቀምጣ በምትፈትለው ጥጥ ብቻ እንኖር ስለነበር ራታችን ብዙ ጊዜ የሽንብራ ቆሎ ነበር። «ልጅሽን በረሃብ ልትገድያት ነው? ሐጂው እንደሁ ምለዋል!» ሲላት፣ «አንተን ደግሞ ስንት ነው ያጎረሱህ?» ብላ ታሳፍረው ነበር። ጎረቤቶች ጣልያን ዘንድ ክሰሻቸው ሲሏትም፣ «መኪናውን የሸጠላቸው እሱ፣ የሚፈርድላቸው እሱ!» እያለች ትመልስ ነበር። እሷ መውጣት ስለማትችል ዓይኗ እኔ ሆንኩ። በየቀኑ ክር ለመሸጥ ሰኞ ገበያ ስትልከኝ በሐጂው ሱቅ በኩል እንዳልፍ ታዘኝና፣ ስመለስ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከማን ጋር አንሾካሾከ እያለች ስትመረምረኝ፣ እኔም ቀስ በቀስ ሰውን ሁሉ እንደ ሌባ ማየት ጀመርኩ።

ረመዳን በጥቅምት ገብቶ በኅዳር ወጣ። ኢድ ያለፈ ሰሞን አንድ ነገር አየሁ። ሐጂው ሃያ ዓመት የሚሆነው ሰዒድ የሚባል ልጅ ነበራቸው፤ ካሚዮኗ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል፣ አፉ ከሸንኮራ የማይለይ፣ ሲበላ እንጂ ሲሸጥ የማይታይ ጎረምሳ። ያን ሳምንት ግን ጓደኞቹ ሸንኮራ ሲመጥጡ እሱ ከንፈሩ ደርቆ ጨርቅ ያጥፍ ነበር። ለእናቴ ስነግራት፣ «ከኢድ በኋላ የሚጾመውን ስድስቱን ቀን ይዞ ይሆናላ» ብላ ናቀችው። ስድስቱ ቀን አለፈ፣ አስሩም አለፈ፣ ሰዒድ አሁንም አይበላም፤ ሰዎች የሠርግ ቤት እህል ይዘው በሱቁ ሲያልፉ እንኳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይመልሳቸው ነበር። ይህን የነገርኳት ቀን እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ጨጓራውን ታሞ እንደሆነስ?»

«ማታ አዛን ሲል ውሃ ሲጠጣ አየሁት እኮ፣ እማ!»

ፊቷ ተለዋወጠ፣ ግን አላመነችም፤ ለሰው ዓይን ይሆናል፣ ጓዳ ገብቶ ይበላ ይሆናል እያለች በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ትልከኝ ጀመር። ታኅሣሥ ሙሉ በደሴ ቁር ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ያን ልጅ ስጠብቅ፣ ጉንጩ እየጎደለ፣ ሱሪው እየሰፋ ሲሄድ አየሁት። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይበለው ብዬ ነበር፤ እየቆየ ግን አሳዘነኝ፣ ማዘኔም አናደደኝ።

የእናቴ ዒዳ በጥር ወር አለቀ። በማግስቱ ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ይዛ ለማንም ምንም ሳትናገር በቀጥታ ሰኞ ገበያ ወደ ሐጂው ሱቅ ወሰደችኝ። ሐጂው ለደንበኛ አቡጀዲ በክንዳቸው ይለኩ ነበር፣ ሰዒድ ከኋላ ነበር። እኔ የምትሰድባቸው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሰዒድን ትክ ብላ አይታ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ በለሰለሰ ድምፅ፣

«ስንት ቀረህ?» አለችው።

«ሦስት ቀን፣ እሜቴ» አላት።

ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። አቡጀዲው ከሐጂው እጅ ወደቀ፤ ደንበኛዋ አንዴ እናቴን፣ አንዴ ሐጂውን ታይ ጀመር። ሰዒድ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ፣ ታደሰ ፍሬኑ አልያዘም አትንዳ እያለ ሲለምነው መሪውን ነጥቆ እንደነዳ፣ አባቱም ታደሰን ስንቅና ገንዘብ ሰጥተው እንዳሸሹት ተናገረ። እናቴም ሰዒድን፣

«ሦስቱን ቀን ጨርስ። ከዚያ ታደሰን ከገባበት ፈልገህ አምጣና በሽማግሌ ፊት ነፍሰ ገዳይ ያላችሁትን ሰው ስሙን መልስለት። ዲያውን ያኔ እቀበላለሁ» አለችው።

በበልግ፣ ገበሬው ለዘር ሲጣደፍ፣ ታደሰ መጣ፤ አጭር፣ ዓይን አፋር ሰው ነበር። ሰዒድ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሁሉን ሲናገር ሐጂ ኑሩ አቀርቅረው ነበር፤ ሼህ ዑመርም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉና ለእርቁ ፋቲሓ ተቀራ። ያን ቀን እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አምና የጎረቤቴን ልጅ እዚያው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገደላት። ገና ድንኳኑ ሳይነሳ ከመኪናው ባለቤት የተላከ አንድ ክራባት ያሰረ ሰው በትሕትና ጎንበስ ብሎ በሁለት ቅጂ የተጻፈ ወረቀት አመጣና እናትየው እንድትፈርም ብዕር ሰጣት። የዛሬ ሰው ደግ ነው፣ እንደ እናቴ አይጠረጥርም፤ ሁሉም የካሳውን ገንዘብ ብቻ ጠየቀ። እኔ አንዱን ቅጂ ተቀብዬ ለልጅ ልጄ ሰጠኋትና አንብቢልኝ አልኳት። የሟቿ ስም አለ፣ የመኪናው ታርጋ አለ፣ ሁለተኛ ካሳ አንጠይቅም የሚል አለ።

«የነዳውስ ማነው ይላል?» አልኳት።

ወረቀቱን አገላብጣ ፈለገች። «የለም፣ እማ» አለችኝ፤ ቀና ስል እናትየው ሌላውን ቅጂ ፈርማ ጨርሳለች።