ክንዴ ላይ የታሰረው ጥቁር ጨርቅ

የበደለኝ ናትናኤል ይባላል፤ ከጅማ የመጣ የሕክምና ተማሪ ነው። ሐኪም ቤት በሌለበት ጫካ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚረዳ ሊለማመዱ እሱና ጓደኞቹ ወደ መንደራችን ሰቃ መጥተው ቡና ማሳዬ ዳር ድንኳን ተከሉ። ከዛፍ የወደቀች ሴት ሁኚልን ብለው ለመኑኝና ቡናው ስር ተጋደምኩ። ጎረቤቴ ጫልቱም እግሯ የተሰበረ ሆና አጠገቤ ተኛች።

ናትናኤል መጥቶ የእጄን ትርታ ቆጠረ፤ ክንዴ ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰረና ወደ ጫልቱ አለፈ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እማማ፣ አይተርፉም ማለት ነው። ቃሬዛው አንድ ነው፣ እድሜዎም ገፍቷል። እባክዎ አይናገሩ፣ ሞተዋል።"

ጫልቱን እንደ ሙሽራ ተሸክመዋት ሲሄዱ "አይዞሽ አዴ!" ብላ ሳቀችብኝ። ዘንድሮም ቡናዬን በእጄ የለቀምኩት ሴትዮ፣ ጉንዳን እየበላኝ ቀረሁ። ቃል ሰጥቻለሁና ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ድንኳናቸው በር ላይ አቁሜ ሞቴን አስለፈፍኩ። ሰፈሩ ደረቱን ሊመታ ግር ብሎ ሲመጣ፣ ጥቁሩን ጨርቅ እንዳሰርኩ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ "ሐኪሜ ያውላችሁ፤ ምን እንደገደለኝ እሱን ጠይቁት" አልኳቸው።