ሮቤራን በፊቱ ማመስገን

ከመቱ የወጣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ይዘንባል፤ መቱ መቼ ዝናብ አጥታ ታውቃለች። ባለቤቴ ደሲቱ አራስ ስለነበረች መናኸሪያ ድረስ አትምጪ ብያት ነበር። አልሰማችኝም፤ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ መጣች። የአምስት ዓመቱ ልጃችን ሮቤራ በዋናው በር አውቶብስ ውስጥ ገባ፣ በሾፌሩ በር ወጣ፣ በጎማዎቹ መሀል ሾለከ፣ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። እናቱ ልትስመው ጎንበስ ስትል የለም። እንደገና ጎንበስ ስትል ረዳቱ «ሂድ!» ብሎ አውቶብሱን ደበደበው። ሳትስመው ሄድን።

ሰው ለእንጀራ ይሰደዳል፣ ሰው ከጥይት ይሸሻል። እኔ የተሰደድኩት ልጄ ቁጭ ማለት ስላቃተው ነው። ሳቁ። እዚህ ናይሮቢ ያላችሁትም ሳቁ፣ እዚያ መቱ ያላችሁትም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነውና አጻጻፌንም አብራችሁ ሳቁበት።

ገና ሁሩሙ ከተማ ሳንደርስ ሮቤራ የአንዲት ሴትዮ የማር ባልዲ ገለበጠ።

«ጋሼ፣ ይሄን ልጅ ምን እያበሉ ነው የሚያሳድጉት?»

«ያንቺን ማር ገና አልቀመሰም።»

«አገራችሁ ዱላ የለም እንዴ?»

«ሞልቷል። ዱላው ተሰበረ እንጂ እሱ አልተቀመጠም።»

እውነቴን ነው። ያልተሞከረ ነገር የለም። ኦርቶዶክሶቹ ጠበል ወሰዱት፤ ጠበሉን ወደደው፣ ውጣ ቢባል እምቢ አለ። ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን እጃቸውን ጭነው ሊጸልዩለት መጡ፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እሱ ጣሪያ ላይ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ሦስተኛው ሳምንት ላይ መለሰልኝ። «ሕመም ነው እንጂ ብልግና አይደለም» ብላ የነገረችኝ የመጀመሪያዋ ሰው መቱ ያለች አንዲት ነርስ ናት። «ለትንንሽ ልጆች የሠለጠነ ሰው ግን እዚህ የለንም» አለች። ስላልዋሸችኝ አመሰግናታለሁ። ያኔ ናይሮቢ ያለው ወንድሜ ደወለ። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ የሚሆን ክሊኒክ አለ፣ ሥራም አይጠፋም፣ ና አለኝ። እናቱንና ሕፃኗን ወረቀት ጨርሼ በኋላ አመጣቸዋለሁ ብዬ፣ እኔና ልጁ በሞያሌ በኩል ተሻገርን።

ናይሮቢ ዝናብ አለ፣ ግን ዝናብ አትበሉት። የኛው አንዴ ከገባ ውሎ ያድራል፤ የዚህ እንደ ዕዳ ጠያቂ በር አንኳኩቶ ይመለሳል። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ቅቤና በርበሬው የተረሳ ገንፎ ነው። ቡና እያበቀሉ ሻይ በወተት ይጠጣሉ። እንቅፋት ሲመታህ «ፖሌ» ይሉሃል፤ ድንጋዩን እነሱ ያስቀመጡት ይመስል ለምን ይቅርታ ይጠይቁኛል እያልኩ እናደድ ነበር። እኛ «እኔን!» የምንለው ዓይነት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስደተኛ የሚመዘግበው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ማን አሳደደህ?»

«ማንም። እኔ ነኝ ልጄን ሳሳድድ የኖርኩት።»

«ቀልድ አይደለም። ከማን ሸሽተህ መጣህ?»

«ከጎረቤት፣ ከአስተማሪ፣ ከዘመድ።»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ሮቤራ አነሳው።

ቤት አከራያችን፣ ሁሉም ማማ የሚሏት ወፍራም ሴት፣ በሳምንቱ መጣች። «ያከራየሁት ለሁለት ሰው ነው። ከላዬ የሚሄደው እግር ግን የሠርግ ቤት ነው» አለች። «ማማ፣ አንቺ ከታች ነሽ፤ እኔ አብሬው ነኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ፖሌ» ብላኝ ወረደች።

ክሊኒኩ ያለችው ሐኪም፣ ዳክታሪ ነው የሚሏት፣ በስዋሂሊ ትናገራለች፤ እትዬ ዳሚ የምትባል የቦረና ሴት ወደ ኦሮምኛ ትመልስልኛለች። የሕመሙን ስም ኤ ዲ ኤች ዲ አሉት። ስም ስላገኘ ብቻ የዳነ መሰለኝ።

«መድኃኒቱን ስጡኝ» አልኩ።

«ዕድሜው ገና ነው፤ በክኒን አንጀምርም። መጀመሪያ አንተን ነው የምናሠለጥነው።»

«እኔ ቁጭ ብያለሁ እኮ!»

እትዬ ዳሚ ይሄን ሳትተረጉም ሳቀች።

በየሳምንቱ ሄድኩ። ከሩቅ አትጩህበት፣ ቀርበህ ዓይን ዓይኑን እያየህ አንድ ነገር ብቻ እዘዘው። ትንሿን ጥፋት እንዳላየ እለፋት። ቀኑን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አስኪድለት። ይሄ ሁሉ ይቻላል። ያቃተኝ ሌላው ነው።

«ጫማውን ሲያደርግ ወዲያው አመስግነው» አለች ዳክታሪዋ። «ምኑን ጥሩ እንዳደረገ ንገረው።»

«በፊቱ?»

«ታዲያ በማን ፊት?»

በኛ ልጅ በፊቱ አይደነቅም። የሚደነቀው ሲተኛ ነው፣ ያውም «እንትፍ እንትፍ» ተብሎ፤ አለዚያ ዓይን ይበላዋል። ልጅህ ሲያምር አስቀያሚ ብለህ ትጠራዋለህ፣ ክፉ ዓይን ንቆት እንዲያልፍ። አባቴ አንድ ቀን አመስግኖኝ አያውቅም፤ ስለሚወደኝ ነው። ይሄን ለዳክታሪዋ አስረዳሁ። ሰማችኝ፣ አልሳቀችም። ከዚያ ወለል ላይ ተቀመጠችና የራሷን ጫማ እያሰረች «እኔ ሮቤራ ነኝ፣ አመስግነኝ» አለች። ያቺን የምታህል ትልቅ ሴትዮ «ጎበዝ፣ ጫማሽን አሰርሽ» ስላት ላብ በጀርባዬ ወረደ።

ልጄን የመጀመሪያ ቀን ሳመሰግነው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

ቀስ በቀስ ነው። ተአምር የሚነግራችሁ ውሸታም ነው፤ ዛሬም አጥር ላይ አገኘዋለሁ። ግን ምሳውን ቁጭ ብሎ ይጨርሳል። እዚህ ያለው መዋዕለ ሕፃናት አልመለሰውም። ካልሲውን ባደረገ ቁጥር እየሮጠ ይመጣና «አባ፣ አየኸኝ?» ይለኛል። አየሁህ፣ ጎበዝ፣ እለዋለሁ። እዚያ ምን አሳሰረህ፣ የተማርከውን ይዘህ ተመለስ የምትሉኝ አላችሁ። ዳክታሪዋ ክትትሉ እንዳይቋረጥ ብላለች፤ ሲያድግ ክኒንም ይጨመርለት ይሆናል። እዚያ ማን ያይልኛል? የደሲቱ ወረቀት ደግሞ ዓመት አልፎትም አላለቀም። እሱ ከዳነ እናት የለውም፤ እናቱ ጋ ከሄደ ሕክምና የለውም።

ደሲቱ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች። ስለ ማመስገኑ ስነግራት ጮኸችብኝ። «እዚያ በባዕድ ዓይን መሀል ልጄን በአፍህ ልታስበላብኝ ነው?» ሮቤራ ድሮ ስልክ ስሰጠው ወርውሮት ይሮጥ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ራሱ «ለእማ እኔ ልንገራት» አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ፣ እኔ ድምፁን ከፍ አደረግኩለት።

«እማ፣ ጫማዬን ብቻዬን አሰርኩ። ምሳዬን ቁጭ ብዬ በላሁ። አሁንም ቁጭ ብያለሁ።»

ከዚያ ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። የሚጠብቀውን አውቃለሁ።

እዚያ ማዶ ደሲቱ «ሮቤራ ነው?» አለች። እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅማ። እንባዋን ስትውጥ ይሰማኛል። ከዚያ ያላትን ሁሉ ሰጠችው፤ «እንትፍ እንትፍ! አንተ ፉንጋ! አንተ የማትረባ! አሁን አንተን ዓይን ምን ብሎ ያይሃል!»

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እናንተም የምትሰሙት ሌላ ነው። አንዲት እናት ከዚህ በላይ ልትወድ አትችልም።

ሮቤራ አልወረወረውም። ስልኩን ቀስ አድርጎ አልጋው ላይ አስቀመጠና ወደኔ ቀና አለ።

«አባ፣ ምን አጠፋሁ?»

ከስልኩ ውስጥ ደሲቱ እየሳቀች እያለቀሰች ትጣራለች። «ሰማኝ? ደስ አለው? ንገረኛ፣ ደስ አለው?»

«ደስ አለው» አልኳት።